ጅማ ላይ ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ማስተርስ፦ ጥያቄዬን ያገኘሁት ከአልጋ አጠገብ ነው

ሰሞኑን ሦስት ልጆች ደውለውልኝ ነበር። የሦስቱም ጥያቄ አንድ ነው፤ "ባዮሜዲካል ማስተርስ ልማር ወይስ ይቅርብኝ?" አንዷ የተመረቀችው በኤሌክትሪካል ነው። ሌላው ሆስፒታል ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ሦስተኛው ገና የመውጫ ፈተናውን አልፎ ሥራ እያፈላለገ ነው። ለየብቻ በስልክ ያልኳቸውን አንድ ላይ ሰብስቤ ልጻፈው ብዬ ነው። ጅማ ተምሬ ጨርሻለሁ። የተሳካልኝም የተሳሳትኩትም አለ። የተሳሳትኩትን ረዘም አድርጌ እነግራችኋለሁ፤ ጊዜ የሚያተርፍላችሁ እሱ ነውና።

ማስተርስ ከመግባቴ በፊት አንድ ሆስፒታል ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሆስፒታል ውስጥ የኛን ስም የሚያውቅ ጥቂት ነው። "ባዮሜዲካል!" ነው የምንባለው። "ባዮሜዲካል ጥሩልኝ፣ ሳክሽኑ አልስብ አለ።" "ባዮሜዲካል፣ ሞኒተሩ ጠፋብን።" መልቲሜትሬን ይዤ ከዋርድ ዋርድ ስሮጥ ነበር የምውለው። ሥራውን እወደው ነበር። ያደከመኝ ያው ማሽን በያው ብልሽት ተመልሶ መምጣቱ ነው። ዛሬ ፊውዝ እቀይራለሁ፣ በወሩ እዚያው ቆሜ ሌላ ፊውዝ እቀይራለሁ። መብራቱ ሲሄድና ሲመጣ ቦርዱን እንደሚያቃጥለው አውቃለሁ። ግን ስንት ጊዜ? የትኛውን ማሽን ይበልጥ? ስታቢላይዘር ቢገዛስ ምን ያህል ያድናል? መልስ አልነበረኝም። የምመልስበት ዘዴም አልነበረኝም። ለመማር ያሰብኩት ያኔ ነው።

በኋላ ሳነብ የብዙ አገር ችግር መሆኑን አየሁ። በ2011 የወጣ አንድ ጥናት በ16 አገሮች የተመዘገቡ ከ112,000 በላይ የሕክምና መሣሪያዎችን ቆጥሮ፣ ከመቶ 38 ያህሉ ከሥራ ውጭ ሆነው እንዳገኛቸው ይናገራል። ምክንያት ብሎ ያስቀመጣቸው ደግሞ የሥልጠና ማነስ፣ የመሣሪያ አስተዳደር ጉድለትና የመብራትና የውሃ የመሳሰሉት መሠረተ ልማቶች ችግር ናቸው። ያን ሳነብ ሦስት ዓመት የሠራሁበት ክፍል ፊቴ ላይ መጣ።

ስለዚህ ለደወሉልኝ ልጆች መጀመሪያ ያልኩት ይሄን ነው፤ ከቻላችሁ ትንሽ ሥሩ፣ ከዚያ ተማሩ። ሥራ ካልተገኘ ደግሞ አንድ ሆስፒታል የሚገኝ የባዮሜዲካል ክፍል ሄዳችሁ ለሁለት ሦስት ወር በነፃ አግዙ። ብዙ ቦታ የሰው እጥረት ስላለ እምቢ የሚላችሁ የለም። የተበላሸ ማሽን ከፍቶ የማያውቅ ሰው ማስተርስ ሲገባ የሚያጣው ዕውቀት አይደለም። የሚያጣው የሚጠይቀውን ነው።

ጅማን ለምን መረጥኩ? አዲስ አበባም ትምህርቱ አለ። እኔን የሳበኝ የጅማ ዩኒቨርሲቲ አመጣጥ ነው። በ1952 የተቋቋመው የእርሻ ኮሌጅና በ1983 የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በ1999 ተዋህደው ነው ዩኒቨርሲቲ የሆነው፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ከጥንቱም ተማሪውን ወደ ኅብረተሰቡ የማውጣት ልማድ አለው። ጅማ የተማረ ሰው "ሲቢቲፒ" ሲባል ወዲያው ይገባዋል፤ ከክፍል ወጥቶ ቀበሌ ገብቶ ቤት ለቤት ችግር መመዝገብ ነው። የሕክምና ተማሪም የኢንጂነሪንግ ተማሪም ይወጣል። ለኛ ሙያ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በዚያ ላይ ከተማው ውስጥ የዩኒቨርሲቲው የሕክምና ማዕከል አለ። ደቡብ ምዕራቡ ሁሉ የሚላክበት ትልቅ ሆስፒታል ነው።

ስለ መግቢያው አጭር ልበል። ሀገር አቀፉን የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ይጠበቅባችኋል። ጋት የምንለው እሱ ነው። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከተማራችሁበት ግቢ በጊዜ አስልኩ፤ ብዙ ሰው የሚንጠለጠለው እሱ ላይ ነው። መሥሪያ ቤት የሚልካችሁ ከሆነ ውሉን ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ከጨረሳችሁ በኋላ ስንት ዓመት ማገልገል እንዳለባችሁ፣ ደመወዝ ይቀጥል አይቀጥል፣ ለቴሲስ ገንዘብ ይኑር አይኑር ሁሉም እዚያ ነው ያለው። እኔ ራሴ ከፍዬ ነው የተማርኩት፣ ስለዚህ በዚህ በኩል ከዚህ በላይ የምላችሁ የለኝም።

ጅማ የገባሁት ዝናብ ላይ ነው። ጅማ ዝናቧ ብዙ ነው፣ ልብስ በሦስት ቀን አይደርቅም። ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ያለው ቂጦ ፉርዲሳ ነው፤ እኔም እዚያው አካባቢ አንድ ክፍል ተከራየሁ። አከራዬ እናቴን የሚያክሉ ሴትዮ ናቸው። የገባሁ ቀን ማታ በርጩማ ይዘው መጡና "ልጄ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብለሽ ብርድ እንዳይገባሽ" አሉኝ። ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ። ሁለት ዓመት ሙሉ ላፕቶፕም ሻይም የተፈታ ማሽንም ሲቀመጥበት የኖረው እሱ ላይ ነው። እርጥበቱን አትናቁት፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ትምህርቱ ራሱ እንደ መጣችሁበት ይለያያል። ከኤሌክትሪካልና ከኮምፒውተር የሚመጡት የሰው አካል አሠራር ላይ ይቸገራሉ። ልብ እንዴት እንደሚመታ ሳታውቁ የኢሲጂ፣ ማለትም የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው መሣሪያ፣ ማጉያ መሥራት ይከብዳል፤ መስመሩ ቢወጣም የቱ የልብ፣ የቱ የጡንቻ፣ የቱ ከመብራት መስመሩ የመጣ 50 ኸርዝ ጩኸት እንደሆነ አትለዩም። ከባዮሜዲካል የመጣነው ደግሞ ሲግናል ፕሮሰሲንግና ስታቲስቲክስ ላይ እንላላለን። እኔ ስታቲስቲክስን ንቄው ነበር። ባልንቀው ጥሩ ነበር። ከመግባታችሁ በፊት ያላችሁን ሁለት ሦስት ወር በፓይተን ፕሮግራሚንግና በስታቲስቲክስ አሳልፉት። ሌላው እዚያው ይደረስበታል።

አሁን ወደ ስህተቴ።

አንደኛ ዓመት ሳልጨርስ የቴሲስ ርዕስ መርጬ ነበር። ኢሲጂ አንብቦ የልብ ምት መዛባትን የሚለይ ፕሮግራም። ሁሉም ሰው ኤአይ ላይ ነበር፣ እኔም ገባሁ። ዳታው ከኢንተርኔት በነፃ ይገኛል። ኤምአይቲ ቢአይኤች የሚባለው የታወቀ ስብስብ ነው፤ ከ47 ሰዎች የተወሰዱ 48 ቅጂዎች፣ እያንዳንዳቸው ግማሽ ሰዓት። ሁሉንም የልብ ምቶች አንድ ላይ ቀላቀልኩ፣ ከመቶ ሰማንያውን ለማስተማሪያ፣ ሃያውን ለመፈተኛ ከፈልኩ፣ ማሽኑን አስተማርኩ። ውጤቱ ከመቶ 99 መጣ። ያን ሌሊት አልተኛሁም ማለት ይቻላል። ለእናቴ ሁሉ ደወልኩ።

በማግስቱ አማካሪዬ ጋ ገባሁ። ወረቀቱን አዩት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ "ማስተማሪያው ውስጥ ያለ ሰው መፈተኛው ውስጥም አለ?"

አለ። የአንድ ሰው የልብ ምት ከራሱ የልብ ምት ጋር በጣም ይመሳሰላል። ግማሹን አይቶ ሌላውን ግማሽ ቢያውቅ ምን ይገርማል? ፕሮግራሙ ያጠናው በሽታውን ሳይሆን ሰዎቹን ነበር። ሰው በሰው ከፍዬ እንደገና ስሞክረው፣ ማለትም ማስተማሪያ ውስጥ ያለ ሰው መፈተኛ ውስጥ እንዳይገባ ሳደርግ፣ ውጤቱ ወረደ። በደንብ ወረደ። ይሄን አስምሩበት። ምስል ላይም፣ ድምፅ ላይም፣ ኢሲጂ ላይም የምትሠሩ ሁሉ፣ ስትከፍሉ በሰው ክፈሉ። በጣም ያማረ ቁጥር ካያችሁ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ።

እሱ ይስተካከላል። ያልተስተካከለው ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ነው። "ደህና፣ አስተካከልሽው እንበል። ይሄን ማን ይጠቀምበታል? የትኛው ክፍል? ማን የሚባል ነርስ?" አሉኝ። ዝም አልኩ። ሦስት ዓመት ሆስፒታል ሠርቼ፣ ርዕስ ስመርጥ አንድም ነርስ አላሰብኩም። "ለሁለት ሳምንት ላፕቶፕሽን ዘግተሽ ዋርድ ዙሪ" ብለው አሰናበቱኝ።

ከጅማ ወጣ ብሎ ያለ፣ ቀድሞ የማውቃቸው ሰዎች የሚሠሩበት ሆስፒታል ሄድኩ። ፈቃድ ጠይቄ ጠዋት ጠዋት ከነርሶቹ ጋር መዞር ጀመርኩ። በአራተኛው ቀን ነው፣ የሕፃናት ክፍል። ሲስተሯ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ ናቸው። ሳንባ ምች የያዘው የሰባት ወር ልጅ ላይ ጎንበስ ብለው ቆይተው ቀና አሉና "ባዮሜዲካል፣ ነይ እስኪ" አሉኝ። "ይሄ ማሽን ይነፋል፣ ኦክስጅን ግን የለውም።"

ማሽኑ ኮንሰንትሬተር ነው፤ ከተራ አየር ኦክስጅን ለይቶ ለሕመምተኛ የሚሰጥ። ይሠራል። ድምፁ ደህና ነው፣ አረንጓዴ መብራቱ በርቷል፣ የፍሰት መለኪያው ውስጥ ያለችው ኳስ ትክክለኛው መስመር ላይ ቆማለች። ቱቦውን ጉንጬ ላይ አደረግኩት፣ ይነፋል። የልጁ ጣት ላይ ያለው የደም ኦክስጅን መለኪያ 84 ይላል። ሲስተሯ ምንም ሳይሉ ቱቦውን ነቅለው ጥግ ላይ ካለው ሲሊንደር ጋር አገናኙት። ቆመን አየን። 86። 89። 91። እናትየዋ ቁጥሩን አታነብም፣ የኛን ፊት ነበር የምታነበው። 94 ሲል ሲስተሯ በኦሮምኛ አንድ ነገር አሏትና ሴትየዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

"እንዴት አወቁ?" አልኳቸው።

"ልጆቹ ናቸው የሚነግሩኝ" አሉኝ። "እዚህ አልጋ ላይ የሚተኛ ልጅ ቶሎ አይሻለውም።"

የኦክስጅን መጠን የሚለካ አናላይዘር ተውሼ መጥቼ ለካሁት። ከማሽኑ የሚወጣው አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከመቶ 49 ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ከኮንሰንትሬተር የሚጠብቀው ቢያንስ 82 ነው። ደህና ማሽን ከ90 በላይ ይሰጣል።

እንዴት ይሄ ይሆናል? የምንተነፍሰው አየር 78 እጁ ናይትሮጅን፣ 21 እጁ ኦክስጅን ነው። ኮንሰንትሬተር ኦክስጅን አይፈጥርም፣ ናይትሮጅኑን ያስቀራል። ውስጡ ዚዮላይት የሚባል፣ እንደ ጥራጥሬ ፍሬ ያለ ነገር የተሞላባቸው ሁለት ቱቦዎች አሉ። ኮምፕረሰሩ አየሩን ጨምቆ አንዱ ቱቦ ውስጥ ሲያስገባ ዚዮላይቱ ናይትሮጅኑን ይይዛል፣ ኦክስጅኑ ያልፋል። ያኛው ሲሞላ ወደ ሌላው ይዞራል፣ የመጀመሪያው የያዘውን ይተፋል። ማሽኑ በየጊዜው ፉሽ የሚለው ለዚያ ነው። ዚዮላይት ደግሞ ከናይትሮጅን ይልቅ ውሃ ይወዳል። እርጥበት ከገባበት ውሃውን አጥብቆ ይይዝና ለናይትሮጅን ቦታ አይኖረውም። ያኔ ማሽኑ ይነፋል፣ የሚነፋው ግን ኦክስጅኑ ከሚፈለገው በጣም ያነሰ አየር ነው። አንዳንድ ማሽን ኦክስጅኑ ሲወርድ የሚጮህ ማስጠንቀቂያ አለው። ይሄኛው አልነበረውም።

ጅማና አካባቢዋ እርጥብ ነው ብያችኋለሁ። ያ ማሽን ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ረጅም ጊዜ መጋዘን ውስጥ፣ አየር ማስገቢያው ሳይሸፈን ቆሞ ነበር። ጥፋተኛ የምለው ሰው የለም፣ እንዲያ እንደሚጎዳ የነገራቸው አልነበረም። እዚህ ላይ ሆስፒታል የምትሠሩ ካላችሁ፤ ኮንሰንትሬተር ዝም ብላችሁ አታቁሙ። ባትፈልጉትም አልፎ አልፎ አስነሱት። ስታስቀምጡ ጠቅልሉት። ውጪ ያለውን የስፖንጅ ማጣሪያ በየሳምንቱ እጠቡና በደንብ ሳይደርቅ አትመልሱት።

ማታ ቤቴ ስገባ ርዕሴን ቀይሬ ነበር። ኮንሰንትሬተሩ መውጫ ላይ የሚገጠም፣ ኦክስጅኑን ያለማቋረጥ የሚለካ፣ ከ82 ሲወርድ ቀይ የሚያበራ፣ የለካውንም የሚመዘግብ ትንሽ ሣጥን። አዲስ ግኝት አይደለም። ሴንሰር ያላቸው ማሽኖች በዓለም ላይ ሞልተዋል። እኔ የጠየቅኩት፣ እዚህ እርጥበትና እዚህ መብራት ላይ ማሽኖቹ በስንት ጊዜ እንዴት እንደሚደክሙና ነርስ ሳትቸገር ልታውቅ የምትችልበት መንገድ ምን እንደሆነ ነው። ለማስተርስ ይበቃል። እንዲያውም ልኩ እሱ ነው። ማስተርስ ዓለምን አይለውጥም፣ አንድ ጥያቄን በደንብ ይመልሳል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ስልቹ አደረገኝ ብል አልዋሽም። ሴንሰሩ ከውጭ ነው የሚመጣው። ሰው ለምኜ፣ በሻንጣ ተይዞልኝ መጣ። ኮዱን ጻፍኩ፣ ገጠምኩት፣ ክፍሌ ውስጥ ተራ አየር ላይ አስቀመጥኩት። 21 አካባቢ ማለት ነበረበት። 17 አለ። መስኮት ከፈትኩ፣ 17። ሽቦ ቀየርኩ፣ ኮዱን ሦስቴ ከላይ እስከ ታች አየሁት፣ 17። ሌላ ሴንሰር የለኝ፣ የተበላሸ ሸጡልኝ ብዬ ሻጩን በልቤ ስረግመው ሳምንት አለፈ።

አማካሪዬ ሰምተው ሲጨርሱ "ጅማ ስንት ሜትር ላይ ናት?" አሉኝ።

ከ1,700 ሜትር በላይ። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። የኔ ሴንሰር ዓይነት የሚለካው የኦክስጅኑን ድርሻ ሳይሆን ግፊቱን ነው። እኔ ደግሞ ኮዱ ውስጥ የጻፍኩት ፋብሪካው በባሕር ጠለል የለካውን ቁጥር ነው። 21ን በአንድ አምስተኛ ቀንሱት፣ 17 ይመጣል። ሴንሰሩ አልተበላሸም ነበር፣ እውነቱን ነው ሲነግረኝ የከረመው። በየጠዋቱ ተራ አየር ላይ አስቀምጬ "ይሄ 20.9 ነው" ብዬ ማስተካከል ጀመርኩ፣ ችግሩ አለቀ። አዲስ አበባ ብትወስዱት ደግሞ እንደገና ይወርዳል፣ እሷ ከጅማ ከፍ ትላለችና። የመጣ ማኑዋል ሁሉ የተጻፈበት አገር ከፍታ፣ ሙቀትና መብራት እንዳለው ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳልጠይቅ አልጀምርም።

ሁለት ወር ያባከንኩበትን ደግሞ ልንገራችሁ። የሥነ ምግባር ፈቃድ። "እኔ የምለካው ማሽን ነው፣ ሰው አልነካም" ብዬ ዘገየሁ። ግን ማሽኑ ሕመምተኛ ላይ እያለ ነው የምለካው፣ የልጆቹንም ንባብ መዝግቤያለሁ ማለት ነው። ያስገባሁት ፕሮቶኮል ተመለሰብኝ፤ መመለሱም ልክ ነበር። የወላጅ ስምምነት ቅጹን ያዘጋጀሁት በእንግሊዝኛና በአማርኛ ብቻ ነው፤ ዋርዱ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ እናቶች የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው። ሰው ያልገባውን ወረቀት ፈረመ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም። አስተርጉሜ፣ በሌላ ሰው መልሼ አስተርጉሜ አስገባሁት። ጅማ የምትመጡ ከሆነ ቋንቋውን ትንሽ ትንሽ ልመዱ። እኔ ከ"አከም ጅርቱ" እና ከ"ገለቶማ" ብዙ ርቄ አልሄድኩም፣ ግን እሷው እንኳ በር ትከፍታለች። የፈቃዱን ነገር ፕሮፖዛል በጸደቀ ሳምንት ጀምሩት፣ አታሳድሩት።

ዕቃ ስትገዙ ሁለት ግዙ። አንዱ ይቃጠላል፣ አትጠራጠሩ። ጅማ ያጣችሁትን አዲስ አበባ ሰው አስልካችሁ ታገኛላችሁ፣ አውቶቡሱ ግን 350 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለአንድ ሪዚስተር ሦስት ቀን ይሄዳል። ዳታችሁን ሁለት ቦታ አስቀምጡ። መብራት ሲጠፋ የምትሠሩትን ሥራ፣ ማንበብም ቢሆን፣ አስቀድማችሁ ለይታችሁ ያዙ፤ አለበለዚያ መብራቱ ሲመጣ እናንተ ተበሳጭታችሁ ታድራላችሁ። እኔ መብራት ሲጠፋ አከራዬ ጋ እሄድ ነበር። ከሰል ላይ ቡና ጥደው ይጠብቁኛል። አንድ ሁለት ጊዜ ላቆመው ብዬ አልቅሼ የገባሁት እሳቸው ጋ ነው። "የሕፃኑ ነገርስ?" ይሉኛል፣ ያንን ልጅ ነግሬያቸው ነበርና። ሌላ ምክር አልሰጡኝም።

ርዕስ አጣን ለምትሉ፣ እግራችሁ ሥር ብዙ አለ። ለምሳሌ ያ ጣት ላይ የሚደረገው ኦክስጅን መለኪያ። በ660 ናኖሜትር ቀይ ብርሃንና በ940 ናኖሜትር ኢንፍራሬድ ነው የሚሠራው፣ የቆዳ ቀለም ደግሞ ብርሃን ይውጣል። በ2020 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት፣ መለኪያው ደህና ነው እያለ ደማቸው ውስጥ ግን ኦክስጅን ያነሰባቸው ሰዎች በጥቁሮች ዘንድ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ያህል እንደሚገኙ አሳይቷል። እኛ አገር ለምንጠቀምባቸው ርካሽ መለኪያዎች ይሄ ምን ማለት ነው? ሌላ ደግሞ፤ ስታቢላይዘር ያለውና የሌለው ዋርድ የማሽን ዕድሜ ልዩነት። ኢንኩቤተር ውስጥ ያለው እውነተኛ ሙቀትና ስክሪኑ ላይ የሚታየው። እነዚህ ውድ ላብራቶሪ አይፈልጉም። መለኪያ፣ ትዕግሥትና ደብተር ይፈልጋሉ።

አማካሪ ስትመርጡ ስሙ የገነነውን ሳይሆን ጊዜ የሚሰጣችሁን ምረጡ። ቀድመው የጨረሱ ተማሪዎችን "ጽሑፍ ስትልኩ በስንት ቀን ይመልሳል?" ብላችሁ ጠይቁ። ከሐኪም ወይም ከነርስ ወገንም አንድ ተባባሪ አማካሪ ቢኖራችሁ በጣም ጥሩ ነው። የኔን ቴሲስ ከማንም በላይ ያረሙት ሲስተሯ ናቸው። የመጀመሪያውን ሣጥን ስወስድላቸው ስክሪኑ ላይ አምስት ቁጥር ነበር፤ ኦክስጅን፣ ሙቀት፣ እርጥበት፣ ፍሰት፣ ሰዓት። መነጽራቸውን አውልቀው "እኔ ሌሊት ላይ ሃያ ልጅ ይዤ ይሄን አላነብም። ደህና ነው ወይስ አይደለም? እሱን ንገሪኝ" አሉኝ። አምስቱን ወደ ውስጥ መዝገብ ወስጄ ላዩ ላይ ሁለት መብራትና አንድ ቁጥር ተውኩ።

ሥራውን በሚመለከት፣ ማስተርስ ያለው ሰው ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ይችላል፣ ትላልቅ ሆስፒታሎች የመሣሪያ ክፍል መምራት ይችላል። ጤና ሚኒስቴር፣ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎትም መሣሪያ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ። መሣሪያ አስመጪ ድርጅቶች ይከፍላሉ። ግን ማስታወቂያ በየሳምንቱ አይወጣም። ለደመወዝ ብቻ ከሆነ፣ በሁለት ዓመት ከዚህ የተሻለ የሚከፍል ሌላ ነገር መማር ይቻላል፤ ይሄን ለሦስቱም ልጆች ሳልሸፋፍን ነግሬያቸዋለሁ። ሆስፒታሉን ለምትወዱት ግን የዲፌንሱ ቀን የሚጠየቁት ጥያቄ ሁሉ የምታውቁት ሰው ፊት ይዞ ነው የሚመጣው። እኔን ከፈታኞቹ አንዱ "ለምን 82ን መረጥሽ?" ሲሉኝ ቁጥሩንም ምንጩንም ተናገርኩ፣ ዓይኔ ላይ የነበረው ግን ያ የሰባት ወር ልጅ ነው።

ከተመረቅኩ ወር አልሞላኝም፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። ሲስተሯ ናቸው። ልቤ ዘለለ።

"ባዮሜዲካል፣ ቀዩ በራ።"

"ስንት ይላል ሲስተር?"

"71።"

"ልጁስ? ቱቦውን ቶሎ ወደ ሲሊንደሩ—"

"ቀይሬዋለሁ እኮ፣ ደህና ተኝቷል" አሉኝ። "አንቺ ጠዋት መጥተሽ ማሽኑን ውሰጂልኝ፣ መንገድ ላይ ቆሞብኛል።"